የነርሲንግ ሆም ኮከብ ምን ያህል ይታመናል? ለእህታችን ጥያቄ የተሰጠ መልስ

እናትዎ ከስትሮክ በኋላ ከሆስፒታል ወጥተው ወደ ነርሲንግ ሆም (ነርሶች ቀንና ሌሊት ሕሙማንንና አረጋውያንን ወደሚንከባከቡበት ቤት) ሊገቡ መሆኑን ገልጸው፣ ከተሰጥዎት ዝርዝር ውስጥ አምስት ኮከብ ያለውን መምረጥ ብቻ ይበቃ እንደሆነ ጠይቀዋል። በሜሪላንድ ነርሲንግ ሆሞች በመጀመሪያ ሲ ኤን ኤ (የነርስ ረዳት)፣ በኋላም ነርስ ሆኜ ለዓመታት ስለሠራሁ፣ ያየሁትን መሠረት አድርጌ እመልስልዎታለሁ፤ ኮከቡ ለመነሻ ይጠቅማል እንጂ ብቻውን አይበቃም።

በሜዲኬር (የአሜሪካ መንግሥት በዋናነት ለአረጋውያን የሚሰጠው የጤና መድን) ድረ ገጽ ላይ ከአንድ እስከ አምስት ሆኖ የሚታየው አጠቃላይ ኮከብ ከሦስት ነገሮች የተውጣጣ ነው፤ እነርሱም የጤና ኢንስፔክሽን (የስቴቱ ምርመራ)፣ የሠራተኛ ብዛትና የጥራት መለኪያዎች ናቸው። ከጥራት መለኪያዎቹ ብዙዎቹ ነርሲንግ ሆሙ ራሱ ሞልቶ በሚልከው መረጃ ላይ የተመሠረቱ ስለሆኑ፣ እኔ አስቀድሜ የምመለከተው የኢንስፔክሽኑን ኮከብ ለብቻው ነው። እርሱም ቢሆን ቤቱን የሚያወዳድረው በዚያው ስቴት ካሉት ጋር ብቻ መሆኑን ልብ ይበሉ።

ከኮከቡ ይልቅ የኢንስፔክሽኑን ሪፖርት ያንብቡ። የስቴት ኢንስፔክተሮች ሳያስታውቁ ይመጣሉ፤ በሁለት መደበኛ ምርመራዎች መካከል ያለው ጊዜም ከ15 ወር መብለጥ የለበትም። ለእያንዳንዱ ጥፋት ከኤ እስከ ኤል ያለ ፊደል ይሰጣል፤ ከጂ እስከ አይ ያሉት በነዋሪ ላይ ጉዳት መድረሱን፣ ከጄ እስከ ኤል ያሉት ደግሞ አፋጣኝ እርምት የሚያስፈልገው ከባድ አደጋ መኖሩን ያመለክታሉ። ቤቱ የመጨረሻውን ሪፖርት ቤተሰብ በቀላሉ ሊያገኘው በሚችል ቦታ የማስቀመጥ ግዴታ አለበት። የመኝታ ቁስል፣ መውደቅ ወይም የመድኃኒት ስህተት ከዓመት ዓመት እየተደጋገመ ከተጻፈ፣ እርማቱ በወረቀት ብቻ መቅረቱን ያሳያል።

ኢንስፔክተሮቹ በሚቆዩባቸው ቀናት ቤቱ እንደሚለወጥም አይቻለሁ፤ ከቢሮ የማይወጡ ኃላፊዎች ሳይቀሩ የጥሪ ደወል ይመልሳሉ። ስለዚህ ቅዳሜ ወይም እሑድ ማታ ሄደው ይጎብኙ፣ ደወል ሲደወል ምን ያህል እንደሚቆይ ያስተውሉ፣ በየፈረቃው የገቡትን ነርሶችና ሲ ኤን ኤዎች ቁጥር የሚያሳየውን የዕለቱን ማስታወቂያ ይመልከቱ፤ ይህን መለጠፍም ግዴታ ነው።

ከሁሉም በላይ የሚያሳስበኝ የቋንቋው ጉዳይ ነው። ኢንስፔክተሮች ነዋሪዎችን ያነጋግራሉ፤ ነገር ግን እንግሊዝኛ የማይችሉ እናቶቻችን በአስተርጓሚም ቢጠየቁ፣ ሰው ላለማስቀየም ሲሉ «እግዚአብሔር ይመስገን፣ ደኅና ነኝ» ብለው ሕመማቸውን ይሸፍናሉ። ሌሊቱን በረጠበ አልጋ ያደሩ እናት ጠዋት እንዴት እንዳደሩ ሲጠየቁ ምስጋና ብቻ ሲመልሱ ሰምቼ አዝኛለሁ። በመሆኑም ኢንስፔክሽን መጀመሩን ሲሰሙ፣ ኢንስፔክተሩን ለማነጋገር እንደሚፈልጉ ያሳውቁ። እናትዎ ወደ ቤቱ በገቡ በ48 ሰዓት ውስጥ በሚዘጋጀው የመጀመሪያ የእንክብካቤ ዕቅድም ላይ አማርኛ አስተርጓሚ እንደሚያስፈልጋቸው፣ የሚጾሟቸውን ቀናትና የማይበሏቸውን ምግቦች በግልጽ ያስጽፉ። ቃል ይረሳል፤ በዕቅዱ ላይ የሰፈረ ነገር ግን ካልተፈጸመ ኢንስፔክተሩ እንደ ጥፋት ሊመዘግበው ይችላል።

አንዳንድ ወገኖች የሚያነሱት አሲስትድ ሊቪንግ (በዕለት ተዕለት ኑሮ እርዳታ የሚሰጥበት መኖሪያ) የሚተዳደረው በየስቴቱ ሕግ ስለሆነ፣ ከላይ የጠቀስኩት የፌዴራል ደንብና ኮከብ አይመለከተውም።

እናትዎ ከገቡ በኋላ ችግር ካዩ፣ ቀኑን፣ ሰዓቱንና ያዩትን በጽሑፍ ይያዙ፤ መጀመሪያ ለነርሶቹ ኃላፊ ያሳውቁ፤ ካልተስተካከለ በየስቴቱ ላለው የነርሲንግ ሆም ኦምቡድስማን (ለነዋሪዎች መብት የሚቆም አቤቱታ ተቀባይ) ወይም ለስቴቱ የምርመራ ቢሮ አቤት ይበሉ። የኦምቡድስማን አገልግሎት በነጻ ነው፤ ቤቱም አቤቱታ ስለቀረበበት በእናትዎ ላይ ቂም መወጣት በሕግ የተከለከለ ስለሆነ፣ ይህን ፈርተው ዝም እንዳይሉ አደራ እላለሁ።