ቦታችሁ ለሌላ ሲሰጥ

ልጆቼ፣ ዛሬ ስለ አንድ ጨዋታ ላውራችሁ። አሜሪካኖች ፉትቦል ስለሚሉት፣ በእጅ ስለሚወረወረው ሞላላ ኳስ ነው። ጨዋታውን ባታውቁትም ግድ የለም፤ ነገሩ ይገባችኋል።

አትላንታ የመጣሁ ሰሞን መሀል ከተማ ፓርኪንግ ውስጥ ነበር የምሠራው። አገር ቤት የተማርኩት ፋርማሲ ነው። እዚህ ግን ፈተናውን አልፌ የልምምድ ሰዓቴን እስክጨርስ ድረስ ትኬት እቆርጥ ነበር። በየዓመቱ በዲሴምበር መጀመሪያ አንድ ቅዳሜ አለ። ፓርኪንጉ ከጠዋት ጀምሮ ይሞላል። ከአላባማም ከፍሎሪዳም ከነቤተሰቡ የሚነዳ ሰው ይጎርፋል። ምንድነው ብዬ ስጠይቅ የደቡብ ምሥራቅ ኮንፈረንስ የዩኒቨርሲቲዎች ዋንጫ ነው አሉኝ። ኮንፈረንስ ማለት አብረው የሚወዳደሩ ዩኒቨርሲቲዎች ማኅበር ነው። ይህ የፍጻሜ ጨዋታ በ1992 በርሚንግሃም ተጀምሮ፣ ከ1994 ወዲህ ቤቱ አትላንታ ሆኗል። በዚያ ቀን ከተማው ሌላ ወሬ የለውም።

አሁን የምነግራችሁ የ2018ቱን ነው። አላባማና ጆርጂያ፣ ዲሴምበር 1።

ጄለን ኸርትስ የአላባማ ኳርተርባክ ነበር። ኳርተርባክ ኳሷን ተቀብሎ ጨዋታውን የሚመራው ልጅ ነው። በቋሚነት ከጀመራቸው 28 ጨዋታዎች 26ቱን አሸንፏል። በዚያው ዓመት ጃንዋሪ 8፣ በአገር አቀፉ ፍጻሜ፣ እዚሁ አትላንታ፣ ከዚሁ ከጆርጂያ ጋር ሲጫወት ቡድኑ 13 ለ 0 ተመርቶ ለእረፍት ወጣ። አሠልጣኙ ኒክ ሴባን ኸርትስን አስቀመጠውና ቱዋ ታጎቫይሎዋ የሚባል የአንደኛ ዓመት ልጅ አስገባ። ልጁ ጨዋታውን ገልብጦ በጭማሪ ሰዓት 26 ለ 23 አሸነፈ። በማግስቱ አገሩ ሁሉ የሚያወራው ስለ ቱዋ ሆነ። በሚቀጥለው የውድድር ዘመን ቦታው የቱዋ ነበር።

ኸርትስ ዝም ብሎ አልዋጠውም። በኦገስት ጋዜጠኞች ፊት ቆሞ ምን እንደተሰማው የጠየቀው አሠልጣኝ እንደሌለ ተናገረ። ይህን የምነግራችሁ ትዕግሥት ማለት አፍን መያዝ የሚመስላችሁ ስላላችሁ ነው። ቅር ያለውን ተናገረ፤ ከዚያ ወደ ልምምዱ ተመለሰ። በዚያ ዓመት አዲስ ደንብ ወጥቶ ነበር። ከአራት ጨዋታ በላይ ያልተሰለፈ ተጫዋች ያ ዓመት ከተፈቀዱለት የመጫወቻ ዓመታት አይቆጠርበትም ነበር፤ ለሌላ ጊዜ ይቆይለታል። በዚህ ተጠቅሞ ከአራት ጨዋታ በኋላ ቡድኑን የተሰናበተ የሌላ ዩኒቨርሲቲ ኳርተርባክ ነበር። አልፈርድበትም። ኸርትስ ግን ቀረ።

ጨዋታውን ያየሁት ቤቴ፣ ከልጄ ጋር ነው። ልጄ ያኔ የጆርጂያ ዩኒቨርሲቲ ተማሪ ነበር፤ ቀይ ማሊያውን ለብሷል። ጆርጂያ 28 ለ 14 ሲመራ ሶፋው ላይ መቀመጥ አቅቶት ነበር። አላባማ ሰባት ነጥብ አገባ፤ 28 ለ 21። በአራተኛው ሩብ ቱዋ ቁርጭምጭሚቱን ተጎዳና እያነከሰ ወጣ። ኸርትስ የራስ ቁሩን አድርጎ ገባ። ያው ስታዲየም፣ ያው ተጋጣሚ። ልጄ «አለቀላቸው» አለ።

ኸርትስ ከወረወራቸው ዘጠኝ ኳሶች ሰባቱ ተያዙለት። አንዷን ለቡድን ጓደኛው ለጄሪ ጁዲ ሰጥቶ አቻ አደረገ። ጆርጂያ ኳሷን የሚለጋ መስሎ ሊያታልል ሞከረ፤ አልሆነለትም። ከዚያ ሰዓቱ ላይ 1 ደቂቃ ከ4 ሰከንድ ሲቀር፣ ኸርትስ ራሱ ኳሷን ይዞ 15 ያርድ ሮጠና መስመሩን አለፈ። 35 ለ 28። ልጄ ቴሌቪዥኑን አጥፍቶ ወደ ክፍሉ ገባ። እኔ ከጠፋው ቴሌቪዥን ፊት ቁጭ ብዬ ቀረሁ።

ለምን መሰላችሁ? ከዚያ ጨዋታ ሁለት ዓመት ቀደም ብሎ በእኔም ላይ ይኸው ደርሶ ነበር። በምሠራበት ሆስፒታል የሌሊቱ ሺፍት ኃላፊ ነበርኩ። አንድ ቀን ቦታው እኔው ላሠለጠንኳት ልጅ ተሰጠ። ጎበዝ ናት፤ ከእኔም ትፈጥናለች። ይህን ዛሬ ነው የምለው። ያኔ አንጀቴ አረረ። ለማንም አልተናገርኩም፤ አኮረፍኩ። ሰዓቴን ጠብቄ እገባለሁ፣ ሰዓቴን ጠብቄ እወጣለሁ። ማንበብ ተውኩ። አዲስ የኮምፒውተር ሲስተም ሲመጣ ግድ የሚሆንብኝን ያህል ብቻ ተማርኩ። በደም ሥር የሚሰጠው መድኃኒት በሚዘጋጅበት ክፍል ለመሥራት በየጊዜው የሚታደስ የብቃት ማረጋገጫ አለ። እሱንም ሳላሳድስ ጊዜው አለፈ። ለማን ብዬ? አልኩ።

ልጅቷ የወሊድ ፈቃድ ወጣች። መጀመሪያ የተጠራሁት እኔ ነበርኩ። ወረቀቴን አዩ፤ ጊዜው አልፎበታል። ቦታው ለሌላ ሰው ሄደ። በዚህኛው የማኮርፍበት ሰው አልነበረኝም።

ስለዚህ ያን ቅዳሜ ማታ ያየሁት ሩጫውን አልነበረም። ያን ሁሉ ወር በልምምድ ሜዳ ማንም ሳያየው የወረወራቸውን ኳሶች ነበር ያየሁት። ሲገባ ትንፋሹ አልተቆረጠም፤ ጨዋታው አልጠፋበትም። እንዲህ ያለው ነገር በዚያች ማታ አይገኝም። እኔ ባኮረፍኩባቸው ወራት እሱ ሲሠራበት የነበረ ነው።

አንድ ነገር ግን እንዳታምታቱ። ኸርትስ ዕድሜ ልኩን ተጠባባቂ ሆኖ አልተቀመጠም። በዚያው ዲሴምበር ዲግሪውን ይዞ ተመረቀ፤ ከዚያ ወደ ኦክላሆማ ተዛወረ። በ2019 ደግሞ የሌላ ኮንፈረንስ ዋንጫ አነሳ። በ2020 ትልልቆቹ የፕሮፌሽናል ቡድኖች አዳዲስ ተጫዋቾችን በየተራ ሲመርጡ፣ የፊላደልፊያው ኢግልስ በ53ኛ ምርጫ ወሰደው። በፌብሩዋሪ 2025 ካንሳስ ሲቲን 40 ለ 22 አሸንፈው ሱፐር ቦውልን፣ የፕሮፌሽናሎቹን ዋንጫ፣ ሲወስዱ የጨዋታው ኮከብ እሱ ነበር። መሄድ ነውር አይደለም። ግን አኩርፎ ሳይሆን ያለበትን ጨርሶ፣ ወረቀቱን በእጁ ይዞ ነው የሄደው። በየሥራ ቦታው ቦታቸውን ተነጥቀው የሚደውሉልኝ ልጆች አሉ። «ጋሼ፣ ልልቀቅ?» ይሉኛል። እኔ መጀመሪያ የምጠይቃቸው ዛሬ ማታ ምን እንደሚያጠኑ ነው።

ከጨዋታው በኋላ በነበረው ሰኞ ለሥልጠናው ተመዘገብኩ። ክፍሉ ውስጥ በዕድሜ ትልቁ እኔ ነበርኩ። ጓንት አደራረግን እንደ አዲስ ከመጀመሪያው ያሳየችኝ፣ ያቺው ቦታዬን የወሰደችው ልጅ ናት።