ቮልሷም እንደኛ ቤት ስትውል

በ2012 ዓ.ም. ኮሮና ሲመጣ የሚደርሱኝ ጥያቄዎች መልካቸው ተቀየረ። ድሮ "የትኛው ጋራዥ ልውሰዳት?" ነበር፣ ያኔ "ቆማ ምን ትሆንብኝ?" ሆነ። እነዚህ የዚያን ጊዜ ሦስት ጥያቄዎች ሁሉም የቮልስ ጉዳይ ናቸው። ሆን ብዬ አይደለም፣ አዲስ አበባ ውስጥ አሮጌ መኪና የሚወድ ሰው ፈልግ ቢሉኝ መጀመሪያ የማገኘው ቮልስ ያለው ሰው ነው።

ጥያቄ፦ ጋሼ፣ እንደምን ነህ? አባቴ ትቶልኝ ያለፈ እ.ኤ.አ. የ1968 ሞዴል ቮልስ አለችኝ። ከመጋቢት ጀምሮ የምሠራው ከቤት ስለሆነ ግቢ ውስጥ ቆማለች። እንዳትበላሽ ብዬ በየጠዋቱ አስነስቼ አምስት ደቂቃ አሞቃትና አጠፋታለሁ። ባለፈው ሳምንት ባትሪዋ እምቢ አለና ከጎረቤት ልጆች ጋር ገፍተን አስነሳናት። ከዚያ ወዲህ ደግሞ ቤንዚን ቤንዚን ትሸታለች። ምን አጠፋሁ? (ከጉለሌ)

መልስ፦ ወንድሜ፣ ከሽታው እንጀምር፣ ሌላው ይደርሳል። ዛሬ እንዳታስነሳት። ነገም እንዲሁ። የቮልስ ቤንዚን ታንከር ፊት ነው፣ ሞተሩ ኋላ፣ ስለዚህ ቤንዚኑ በቱቦ መኪናዋን ሙሉ አቋርጦ ነው የሚሄደው። መሃሉ ብረት ነው፣ ችግር የለውም። ችግሩ ጫፍና ጫፉ ላይ ያሉት የላስቲክ ቱቦዎች ናቸው። ላስቲክ ሲያረጅ ይደርቃል፣ ሲደርቅ ይሰነጠቃል፣ የተሰነጠቀው ደግሞ ከጋለ ሞተር አጠገብ ያንጠባጥባል። የቮልስ የሞተር አካል ማግኒዝየም ያለበት ቅይጥ ነው። እሱ አንዴ ከተቀጣጠለ ውሃ ብትደፋበት ይብሳል እንጂ አይጠፋም። ቱቦዎቹን ሁሉንም ባንድ ቀን ቀይር፣ "ይቺኛዋ ደህና ናት" ብለህ አንዷን እንዳትተው። ማሰሪያቸውንም አብረህ። ከሾፌሩ ወንበር አጠገብም አንዲት እሳት ማጥፊያ ትኑርህ።

አሁን ወደ አምስት ደቂቃዋ። ይቅርታ አድርግልኝና፣ መኪናዋን የጎዳሃት በእሷ ነው። ብዙ ሰው ስለሚያደርገው አትፈር፣ እኔም ድሮ አደርገው ነበር። ሞተሩን የሚያስነሳው ሞተሪኖ ከባትሪው ብዙ ይወስዳል፣ ባትሪውን የሚሞላው የድሮው ዲናሞ ደግሞ ነዳጅ ሳትረግጥ በሚኒሞ ስትቆም ምንም ያህል አይሞላም። ዳሽቦርድ ላይ ያለችው ቀይዋ የባትሪ መሙያ መብራት ብልጭ ድርግም ስትል አላየሃትም? በየቀኑ ከባትሪው ስትወስድ ከርመህ ምንም አልመለስክም። ዘይቱም እንዲሁ ነው። ቮልስ የምትይዘው ሁለት ሊትር ተኩል ብቻ ነው፣ የዘይት ፊልትሮም የላትም፣ ያላት ወንፊት ነው። ዘይቱ በደንብ ካልጋለ ሞተሩ ውስጥ የሚጠራቀመው እርጥበት አይተንም፣ ከዘይቱ ጋር ይለወሳል። የዘይት መሙያውን ክዳን ክፈትና እየው፣ ማኪያቶ የመሰለ ነገር ካለበት ያው እሱ ነው። ዘይቱን ቀይረው።

ሌላ ደግሞ አለ። ከተማችን ከባሕር ወለል ከ2,300 ሜትር በላይ ናት፣ አየሩ ስስ ነው። ቤንዚንና አየር የሚቀላቅለው ካርቡሬተር ለዚህ ከፍታ ካልተስተካከለ ቤንዚኑ ከአየሩ ይበዛል፣ ካንዴላዎቹም ጥላሸት ይለብሳሉ። ቆሞ ማሞቅ ይሄንን ያባብሰዋል።

ታዲያ ምን ላድርግ ካልክ፦ በሳምንት ወይም በሁለት ሳምንት አንዴ አስነሳት፣ ወዲያው ውጣ፣ ግማሽ ሰዓት ንዳት። መጀመሪያ ላይ ቀስ፣ ከቤት እንደወጣህ ወደ እንጦጦ ሽቅብ እንዳትላት። መንዳት ካልቻልክ ጭራሽ አታስነሳት፣ የባትሪውን ኔጋቲቭ ፍታው። ባትሪው ከኋላ ወንበር ሥር ነው። ወንበሩን ስታነሳ ክዳን እንዳለው አረጋግጥ፣ ክዳን ከሌለውና ከባድ ሰው ከተቀመጠበት የወንበሩ ሞላ ባትሪውን ነክቶ እሳት ያስነሳል፣ ያኔ ስለ ቱቦው መጨነቅም አያስፈልግህም። የእጅ ፍሬን ስበህ ለሳምንታት አታቁማት፣ ይጣበቃል፣ ይልቅ ማርሽ ውስጥ አስገብተህ ጎማው ሥር ድንጋይ አድርግ። ክረምቱም እየገባ ነው፣ ሸራ ስታለብሳት ከሥር አየር ይግባ።

ጥያቄ፦ እኔ ሴት የቮልስ ባለቤት ነኝ፣ አለን እኮ! የታክሲ ሰልፉን ጠልቼ፣ ሰውም ግማሽ እየተጫነ ዋጋው እጥፍ ስለሆነ፣ በእሷ ነው የምሄደው። ቤት ስገባ መሪውንና ወንበሩን በበረኪና እወለውላለሁ። መሪው መሰንጠቅ፣ ወንበሩ መንጣት ጀመረ። (ከሳሪስ)

መልስ፦ እህቴ፣ በረኪናውን ለሽንት ቤት ተይው። የሃምሳ ዓመት ፕላስቲክ አይችለውም። ለብ ያለ ውሃ በሳሙና፣ በእርጥብ ጨርቅ፣ ከዚያ በደረቅ። ቫይረሱን ሳሙና ይበቃዋል። አልኮሉን ለእጅሽ አድርጊው፣ ግን ጠርሙሱን ፀሐይ ላይ ዳሽቦርድ ላይ ትተሽው አትሂዲ፣ ተቀጣጣይ ነው።

ስለ ቫይረስ ካነሳን፣ መስኮቱን ክፍት አድርጊው። ብርድ ነው ብለሽ የመኪናዋን ማሞቂያም አትክፈቺ። የቮልስ ሙቀት የሚመጣው በጭስ መውጫው ዙሪያ ካለፈ አየር ነው፣ ብረቱ ዝጎ ከተበሳ ጭሱ ወደ ውስጥ ይገባል። የዚያ ጭስ መርዝ ደግሞ አይሸትም። ጋቢ ይሻላል።

ጥያቄ፦ በ1962 ዓ.ም. የገዛኋት ቮልስ አለችኝ። ጡረታ ከወጣሁ ቆየሁ፣ 74 ዓመቴ ነው። ልጆቼ በዚህ በሽታ ምክንያት ከቤት አትወጣም ብለውኛል። አንድ ሰው ደግሞ ጠቀም ያለ ዋጋ ሰጠኝ። ልሽጣት ወይ? (ከቀበና)

መልስ፦ ጋሼ፣ ገዢው ሞኝ አይደለም። በየካቲት 2012 ዓ.ም. አዲሱ የኤክሳይስ ታክስ አዋጅ ከወጣ ወዲህ ከውጭ የሚገባ አሮጌ መኪና ላይ የሚከፈለው ግብር ሰማይ ነካ፣ እዚህ ያለው መኪና ሁሉ ደግሞ ተወደደ። ዛሬ ጠቀም ያለ የመሰለዎት ነገ ላይመስልዎት ይችላል። ገንዘቡ ለሕክምና ወይም ለቤት ካስፈለገዎት ይሽጡ፣ ማንም አይፈርድብዎትም። ስለተሰላቹ ብቻ ከሆነ ግን አይሽጡ። አምሳ ዓመት አብራችሁ ኖራችሁ በሦስት ወር ኩርፊያ መለያየት ደስ አይልም።

መለዋወጫ ያልቃል ብለው ከሆነ አይስጉ። ቮልስ እስከ 2003 እ.ኤ.አ. ድረስ ሜክሲኮ ውስጥ ስትሠራ ነበር፣ በዓለም ላይ ከ21 ሚሊዮን በላይ ተመርታለች። መለዋወጫ የሚሸጥበት ሶማሌ ተራ ግን እርስዎ ራስዎ አይሂዱ፣ ግፊያው ለእርስዎ ዕድሜ አይሆንም። ልጁን ይላኩት፣ የአሮጌውን ዕቃ ፎቶ ይዞ።

ለልጆቹ ደግሞ እንዲህ ይበሏቸው፦ ብቻን መኪና ውስጥ ሆኖ፣ መስኮት ከፍቶ፣ የትም ሳይወርዱ ዞሮ መመለስ ታክሲ ውስጥ መሳፈር ማለት አይደለም። እሁድ ጠዋት፣ መንገዱ ጭር ሲል። ከመውጣትዎ በፊት የኋላውን ኮፈን ከፍተው ዲናሞውንና የማቀዝቀዣውን ፋን የሚያዞረውን ቀበቶ፣ ቺንጋውን፣ በአውራ ጣት ይጫኑት፣ አንድ ሴንቲ ተኩል ያህል ከገባ ደህና ነው። መለዋወጫ ቺንጋም ይያዙ። እሱ ከተበጠሰ ማቀዝቀዣው አብሮ ይቆማል፣ ቀይዋ መብራት ከበራች እዚያው ማጥፋት ነው። ይሄንን እርስዎ ለኔ ሊነግሩኝ ሲገባ እኔ ለእርስዎ መንገሬ!

ልጆቹ ቁልፉን ከደበቁብዎት ይጻፉልኝ። ቮልስ ያለ ቁልፍ እንዴት እንደምትነሳ ግን መጽሔት ላይ አልጽፍም።