ሕፃኑ ይተኛል፤ አሽከርካሪውስ?

ጥያቄ

የተከበሩ የዓምዱ አዘጋጅ፦ የመጀመሪያ ልጃችን አምስት ወር ሞልቶታል። ወላጆቼ ገና ስላላዩት ከሦስት ሳምንት በኋላ በራሳችን መኪና ልንወስድላቸው አስበናል፤ መንገዱ ግን 640 ኪሎ ሜትር ነው። ባለቤቴ «ማታ 3 ሰዓት ላይ ከተነሳን ልጁ ሌሊቱን ተኝቶ ያድራል፤ ሲነጋ ደርሰናል» ይላል። እኔ በቀን፣ ጉዞውን ለሁለት ከፍለን ብንሄድ ይሻላል ባይ ነኝ። አብረውን የሚጓዙት አማቴ ደግሞ «ያን ሁሉ መንገድ በዚያ ወንበር ታስሮ አይንገላታ፤ እኔ ታቅፌው እሄዳለሁ» ብለዋል። ባለፈው ወር የሦስት ሰዓት መንገድ ስንሄድ ልጁ እኩሌታውን ሲያለቅስ ነበር፤ ከዚያ ወዲህ የመንገድ ነገር ሲነሳ ሆዴ ይረበሻል። የሚጠባው ጡት ነው፤ አልፎ አልፎ የዱቄት ወተት በጡጦ እንጨምርለታለን። የማናችን ሐሳብ ይሻላል?

የአምስት ወር ሕፃን እናት

መልስ

ከባለቤትዎ ሐሳብ ልጀምር፤ ከቀረቡት ሐሳቦች ሁሉ ይበልጥ የሚያሳምነውም ይበልጥ የሚያሰጋውም እርሱ ነውና። ሕፃናት በሌሊት ጉዞ ደህና እንደሚተኙ እውነት ነው፤ ጨለማው፣ የሞተሩ ወጥ ድምፅና የመኪናው ንቅናቄ እሽሩሩ ይሆንላቸዋል። ችግሩ ዕቅዱ የታሰበው በልጁ እንቅልፍ ልክ ብቻ መሆኑ ነው። የአምስት ወር ሕፃን አባት አምስት ወር ሙሉ ሌሊት ለሌሊት ሲቀሰቀስ የኖረ ሰው ነው። ጠዋት 12 ሰዓት ተነሥቶ፣ ሥራ ውሎ፣ ሻንጣ ጭኖ ማታ 3 ሰዓት ላይ መሪ ሲጨብጥ ከነቃ 15 ሰዓት አልፎታል። ለ17 ሰዓት ያህል ሳይተኛ የቆየ ሰው ቅልጥፍናና ንቃት፣ በደሙ ውስጥ 0.05 በመቶ አልኮል ካለበት ሰው ጋር የሚቀራረብ መሆኑ በጥናት ታውቋል። ባለቤትዎ እዚህ መጠን ላይ የሚደርሱት ገና ከሌሊቱ 5 ሰዓት ላይ፣ አብዛኛው መንገድ ከፊታቸው እያለ ነው። ከዚያ በኋላ ደግሞ ከሌሊቱ 8 እስከ 12 ሰዓት ያለው፣ ሰውነት በተፈጥሮው እንቅልፍ የሚጠይቅበት ጊዜ ይመጣል። በሰዓት 90 ኪሎ ሜትር የሚሄድ መኪና በአራት ሰከንድ 100 ሜትር ይጓዛል፤ አራት ሰከንድ ማሸለብ ደግሞ የሚያሸልበው ሰው ራሱ እንኳ ሳያውቀው የሚያልፍ ነገር ነው። ቡና መጠጣትና መስኮት መክፈት ጥቂት ያበረታሉ እንጂ እንቅልፍን አይተኩም።

ስለዚህ ፍርዴ ወደ እርስዎ ያጋድላል፤ ሆኖም ከባለቤትዎ ሐሳብ የሚጠቅመውን ክፍል መጣል አይገባም። ከጉዞው በፊት ባለው ምሽት አሽከርካሪው በጊዜ ይተኛ፤ ሻንጣው ከዋዜማው ይጫን። ከዚያ ንጋት ላይ፣ 11 ሰዓት ተኩል ግድም፣ ልጁን ጡት አጥብተውና ዳይፐሩን ቀይረው በእንቅልፍ ልቡ ወደ መቀመጫው ያዛውሩት። ብዙ ሕፃናት እንዲህ ሲደረግላቸው የመጀመሪያዎቹን ሁለት ሰዓታት ተኝተው ይጓዛሉ፤ አሽከርካሪውም እንቅልፉን ጠግቦ የነቃ ነው።

ሁለት ቀን የሚያስፈልገው ለምን እንደሆነ ደግሞ በሒሳብ እንየው። በአማካይ በሰዓት 70 ኪሎ ሜትር ብትሄዱ 640 ኪሎ ሜትር ከዘጠኝ ሰዓት በላይ የመንዳት ጊዜ ነው። በየሁለት ሰዓቱ ማቆም ግድ ነው፤ ሕፃን ይዞ የሚደረግ ዕረፍት ደግሞ፣ ማጥባቱ፣ ማስገሳቱ፣ መቀየሩና ጥቂት ማንፏቀቁ ተደምሮ፣ ከግማሽ ሰዓት አያንስም። አራት ጊዜ ስታቆሙ ጉዞው ከአሥራ አንድ ሰዓት ያልፋል ማለት ነው። በመጀመሪያው ቀን 360፣ በሁለተኛው 280 ኪሎ ሜትር ግድም ብትሄዱ ግን በሁለቱም ቀን ፀሐይ ሳትጠልቅ ታርፋላችሁ። ረጅሙን መንገድ ለመጀመሪያው ቀን ያደረግሁት በሁለተኛው ቀን የሁሉም ትዕግሥት ስለሚያልቅ ነው።

በየሁለት ሰዓቱ ማቆም ግድ ነው ያልኩት ለአሽከርካሪው ብቻ አይደለም። የሕፃን መቀመጫ በግጭት ጊዜ እንዲያድን የተሠራ እንጂ አልጋ አይደለም። ሕፃኑ በከፊል ተቀምጦ ሲተኛ ከባዱ ጭንቅላቱ ወደ ፊት ያዘነብልና አገጩ ደረቱን ሲነካ ጠባቡ የአየር መተላለፊያው ሊታጠፍ ይችላል። ስለዚህ በየዕረፍቱ፣ ተኝቶ ቢሆን እንኳ፣ ከመቀመጫው አውጥተው በጀርባው ለጥ ባለ ነገር ላይ ያንጋልሉት። መቀስቀሱ ሊያሳሳዎት ይችላል፤ ቢሆንም ያድርጉት። ማታ ማረፊያ ስትደርሱም ከነመቀመጫው አንሥቶ ክፍል ውስጥ ማሳደር አይገባም።

አሁን ወደ አማትዎ ሐሳብ እንምጣ። የተናገሩት ከፍቅር ነው፤ ልጁም በእርሳቸው እቅፍ ደስ ብሎት እንደሚሄድ አልጠራጠርም። ነገር ግን በሰዓት 50 ኪሎ ሜትር የሚሄድ መኪና ከአንድ ነገር ጋር ሲጋጭ በውስጡ ያለው ሁሉ ለቅጽበት ክብደቱ ሃያ እጥፍና ከዚያ በላይ የሆነ ያህል ወደ ፊት ይወረወራል። 7 ኪሎ የሚመዝን ልጅ በዚያች ቅጽበት 140 ኪሎ የሆነ ያህል ከእጅ ይፈለቀቃል። ይህን የሚይዝ ክንድ የላቸውም፤ የእርስዎም ሆነ የጎረምሳ ክንድ አይችለውም። ጉዳዩን «አይቻልም» ብሎ ከመዝጋት ይልቅ ኃላፊነት መስጠት ይሻላል ብዬ አምናለሁ፦ አማትዎ ቀበቷቸውን አስረው ከኋላ፣ ከልጁ ጎን ይቀመጡ። የኋላ ወንበር ጌታ እርሳቸው ይሁኑ። እጃቸውን ደረቱ ላይ ማድረግ፣ እግሩን መዳበስ፣ ማንጎራጎር፣ አገጩ አለመውደቁን መከታተል፤ ይህ ሁሉ ለአንድ ሰው በቂ ሥራ ነው፤ ከፊት ወንበር ተጠምዝዘው የሚሠሩት ሥራም አይደለም።

መቀመጫው ፊቱን ወደ መኪናው ኋላ ያዞረ መሆን አለበት። የሕፃን ጭንቅላት የቁመቱን ሩብ ያህላል፤ የአንገቱ አጥንቶችም ገና አልጠነከሩም። ፊቱን ወደ ፊት አዙሮ ቢቀመጥ በግጭት ጊዜ ያ ሁሉ የጭንቅላት ክብደት በአንገቱ ላይ ይንጠለጠላል፤ ወደ ኋላ ሲዞር ግን መቀመጫው ጀርባውን፣ አንገቱንና ጭንቅላቱን አንድ ላይ ይቀበላል። ደንብ ቁጥር 129 የሚባለው የተባበሩት መንግሥታት የመኪና ደኅንነት ደንብ ቢያንስ እስከ 15 ወር ፊት ወደ ኋላ መሆንን ያስገድዳል፤ የአሜሪካ የሕፃናት ሐኪሞች አካዳሚ ደግሞ መቀመጫው የሚፈቅደው የክብደት ወይም የቁመት ጣሪያ እስኪደርስ ድረስ እንዲቆይ ይመክራል። እንዲህ ያለ መቀመጫ የሚሠራ ኤርባግ ባለበት የፊት ወንበር ላይ ፈጽሞ አይታሰርም። ማሰሪያው መጥበቁን ለማወቅ ትከሻው ላይ ያለውን ቀበቶ በሁለት ጣት ቆንጥጠው ለመያዝ ይሞክሩ፤ የሚያዝ እጥፋት ከተገኘ ላልቷል። ወፍራም ጃኬት አልብሶ ማሰርም ያው ነው፤ በግጭት ጊዜ ጃኬቱ ይጨመቅና ቀበቶው ልል ሆኖ ይገኛል። ብርድ ከሆነ መጀመሪያ ይታሰር፣ ከዚያ በላዩ ላይ ብርድ ልብስ ይደረብ።

ያስፈራዎት ግን ከዚህ ሁሉ ይልቅ ለቅሶው ይመስለኛል፤ አይፈረድብዎትም። ዝግ መኪና ውስጥ ሕፃን ሲያለቅስ አንድ ሰዓት እንደ ቀን ይረዝማል። እኔ ራሴ ሁለተኛ ልጃችንን ይዘን ስንሄድ የደረሰብንን ልንገርዎት። አርባ ደቂቃ ያህል አለቀሰ። ጠብቷል፣ ዳይፐሩ ደረቅ ነው፣ ትኩሳት የለውም፤ ዘፈንን፣ አጨበጨብን፣ ሬዲዮ ከፈትን። በመጨረሻ አቁመን፣ ከወንበሩ ጎን ተንበርክኬ ጭንቅላቴን ከእርሱ ጭንቅላት አጠገብ ባደርግ፣ በጎን መስታወት የገባችው ፀሐይ ዓይኔ ውስጥ ተሰካች። እኛ ወደ ፊት ስናይ ፀሐይዋ ከኋላችን ነበረች፤ እርሱ ግን ፊቱ ወደ እርሷ ነበር። መስታወቱ ላይ የሚለጠፍ መጋረጃ አደረግንበትና በአምስት ደቂቃ ውስጥ ተኛ። ከዚያ ወዲህ ከመነሣታችን በፊት ሁልጊዜ አንድ ጊዜ በልጁ ቦታ ሆኜ አያለሁ፦ ቀበቶው ተጣምሟል ወይ፣ ብረቱ በፀሐይ ግሏል ወይ፣ ከጀርባው ሥር አሻንጉሊት ገብቷል ወይ፣ የካልሲው ስፌት ጣቱን ይዞታል ወይ፣ ቀዝቃዛው አየር በቀጥታ ፊቱ ላይ ይነፋል ወይ። መጋረጃው ግን መስታወቱ ላይ ይሁን፤ በመቀመጫው ላይ ጨርቅ መጋረድ ሙቀት ያፍናል፣ አየር ያሳጣዋል፣ ልጁንም ከዕይታ ይሰውረዋል።

ይህ ሁሉ ታይቶም ቢያለቅስ፣ አመቺና ደኅና ቦታ ሲገኝ አቁማችሁ አውጡት። መኪናው እየሄደ ቀበቶውን መፍታት፣ «ለአንድ ደቂቃ ብቻ» ተብሎም ቢሆን፣ አይሆንም። ወላጆች በሹክሹክታ የሚጠይቁኝ ሌላም ነገር አለ፤ እርሱም የጉንፋን ወይም የአለርጂ ሽሮፕ ሰጥቶ ማስተኛት ነው። አይደረግም። እንዲህ ያሉ መድኃኒቶች በሕፃን ላይ አተነፋፈስን ሊያዳክሙ ይችላሉ፤ አንዳንዱንም ጭራሽ እንቅልፍ ነሥተው ያቅበጠብጡታል። የምመክረው ልምምድን ነው። በቀሩት ሦስት ሳምንታት ውስጥ ከእንቅልፍ ሰዓቱ ጋር እያገናኛችሁ በየሁለት ሦስት ቀኑ አጭር መንገድ ውሰዱት፤ ወንበሩን ከሥቃይ ይልቅ ከእንቅልፍ ጋር ማያያዝ ይጀምራል።

ማጥባት መኪናው ሲቆም ነው። አማትዎ ልጁ በታሰረበት በጡጦ ልስጠው ቢሉም መኪናው እየሄደ ባይሆን ይመረጣል፤ በድንገተኛ ፍሬን ወይም በጉድጓድ ሊያንቀው ይችላል። የዱቄት ወተቱን ቤት አዘጋጅቶ መያዝ አያዋጣም። ዱቄቱን በደረቁ በየጡጦው ልክ ከፋፍለው ይያዙ፤ የፈላ ውኃ በፔርሙዝ ይሂድ። የዓለም ጤና ድርጅት ዱቄቱ ከ70 ዲግሪ ሴንቲግሬድ በማያንስ ውኃ እንዲበጠበጥ የሚመክረው ዱቄቱ ራሱ ከጀርም የጸዳ ስላልሆነ ነው፤ ስለዚህ በጥብጠው፣ ጡጦውን ቀዝቃዛ ውኃ ውስጥ አቁመው፣ ለብ ማለቱን አንጓዎ ላይ ጠብታ ጣል አድርገው ካረጋገጡ በኋላ ይስጡት። የተበጠበጠ ወተት ከሁለት ሰዓት በላይ አይቆይም፤ ጠጥቶ ያስተረፈውም ይደፋል። ሙቀት ቢኖር እንኳ ስድስት ወር ላልሞላው ልጅ ውኃ አያስፈልገውም፤ ቶሎ ቶሎ ማጥባት ይበቃዋል። ውኃ የሚያስፈልጋት የምታጠባው እናት ናት፤ ብዙ እናቶች ደግሞ መጸዳጃ ፍለጋን ፈርተው መንገድ ላይ ውኃ መጠጣት ይተዋሉ።

ስለ ዕቃ ብዙ አልልም፤ ሕፃን ያለበት ቤት ዕቃ ማሳነስ አያውቅም። ብቻ ከዋናው ሻንጣ ሌላ አማትዎ እግር ሥር የምትቀመጥ ትንሽ ቦርሳ ትኑር፤ በውስጧም ለአንድ ዕረፍት የሚበቃ ዳይፐር፣ እርጥብ መጥረጊያ፣ ቅያሪ ልብስና ላስቲክ ይኑር፤ በየዕረፍቱ ከዋናው ሻንጣ ትሞላ። ለእርስዎም አንድ ቅያሪ ሸሚዝ ይጨምሩበት፤ የሚያስታውክ ሕፃን ራሱ ላይ ብቻ አያስታውክም። ከኋላ መስታወት ሥር ባለው መደርደሪያ ላይ ምንም አይቀመጥ፤ ፔርሙዙም ጭምር ሲጋጩ ይወረወራል።

ነዳጅ ለመቅዳት ወይም ዕቃ ለመግዛት ስትወርዱ ደግሞ አንድ ትልቅ ሰው ከልጁ ጋር ይሁን፤ ሁላችሁም የምትወርዱ ከሆነ ልጁም ይውረድ። ፀሐይ ላይ የቆመ መኪና ውስጥ ሙቀቱ በ10 ደቂቃ 10 ዲግሪ ያህል ሊጨምር ይችላል፤ የሕፃን ሰውነት ደግሞ ከትልቅ ሰው ከሦስት እስከ አምስት እጥፍ ፈጥኖ ይግላል። መስኮቱን በትንሹ ገርበብ አድርጎ መሄድ ይህን አያስቀርም።

የመልሱ ጉዞም ያው ነው፤ አንድ ልዩነት ብቻ አለው። በዚያን ጊዜ ልጁ ስድስት ወር ሊሞላው ስለሚችል ተጨማሪ ምግብ የሚጀምረው አያቶቹ ዘንድ ሊሆን ይችላል። አዲስ ምግብ ሁሉ ከመነሻችሁ ቀን ቢያንስ ሦስት ቀን ቀድሞ ይሞከር፤ ሰውነቱ ላይ ሽፍታ ቢወጣ ወይም ሆዱ ቢታወክ፣ እርስዎ መንገድ ላይ ሆነው ሳይሆን ሐኪም በሚገኝበት፣ ውኃና መታጠቢያ ባለበት ቤት ሆነው ያዩታል።