ጠዋት ማታ እያጠጣሁት ለምን ይደርቃል?

ጥያቄ፦ ጤና ይስጥልኝ። ነዋሪነቴ ድሬዳዋ፣ ሳቢያን ነው። ከአዲስ አበባ ጽጌረዳና ጀራኒየም አምጥቼ በዘይት ቆርቆሮ ተክያለሁ። በረንዳው ቀኑን ሙሉ ፀሐይ ነው። እኩለ ቀን ላይ ጥውልግ ሲሉ አላስችል እያለኝ ውሃ እጨምርላቸዋለሁ፤ ግን የቅጠላቸው ጫፍ እያረረ ይረግፋል። ጎረቤቴ «አመድ ነስንሺበት» አለችኝ። ምን ላድርግ?

መልስ፦ እህቴ፣ አመዱን እንኳን አልነሰነስሽ! የድሬ ውሃ ኖራ ይበዛዋል። የሻይ ማንቆርቆሪያሽን ከፍተሽ እዪው፣ ያ ነጭ ቅርፊት አፈርሽ ውስጥም እየተጠራቀመ ነው፤ አመድ ደግሞ ያባብሰዋል። አፈሩ እንዲህ ሲሆን ተክሉ ብረት መሳብ ያቅተዋል። አዲስ የሚወጣው ቅጠል ቢጫ ሆኖ ጅማቱ ብቻ አረንጓዴ ከቀረ ምልክቱ ይኸው ነው።

ዋናው ጣጣ ግን ቆርቆሮው ነው። ከቀኑ 8 ሰዓት ላይ በእጅሽ ንኪው። እጅሽ ያልቻለውን ሙቀት ጠርዙን ተጠግቶ ያለው ሥር እንዴት ይቻለው? ወደ ሸክላ አዛውሪው። ካልሆነ ቆርቆሮውን ሰፋ ያለ ሸክላ ውስጥ አስገቢና መሃሉን በአሸዋ ሙዪው፣ አሸዋውንም እርጥብ አድርጊው። ከታች ቀዳዳ መኖሩን እዪ። አፈሩን ከላይ በገለባ ወይም በቡና ገለፈት አልብሺው።

እኩለ ቀን ላይ መጠውለጉ አያስደንግጥሽ። ውሃ ያለው ተክልም በዚያ ፀሐይ ይዝለፈለፋል፤ ሲመሽ ቀና ካለ አልጠማውም ማለት ነው። ጎህ ሲቀድ ጣትሽን አፈሩ ውስጥ ክተቺ፣ እርጥብ ከሆነ ተዪው፣ ደረቅ ከሆነ ደግሞ ውሃው ከታች በቀዳዳው እስኪወጣ ድረስ አጠጪው፣ ምክንያቱም በየሰዓቱ ትንሽ ትንሽ ስታርከፈክፊ ውሃው ይተንና ጨዉ እዚያው ይቀራል፤ የቅጠሉን ጫፍ የሚያሳርረው እሱ ነው። የሐምሌና የነሐሴን ዝናብ ውሃ በጀሪካን ያዢ፣ ለጽጌረዳሽ መድኃኒት ነው።

ጀራኒየሙን በተመለከተ እውነቱን ልንገርሽ። ድሬ ከአዲስ አበባ ከሺህ ሜትር በላይ ዝቅ ትላለች፣ ጀራኒየም ደግሞ ቀዝቀዝ ያለ ሌሊት ይወዳል። የጠዋት ፀሐይ ብቻ የሚያገኝበት ቦታ ካለሽ ሞክሪው፣ ከሌለሽ ለደገኛ ዘመድ ስጪው። በእሱ ፋንታ ዚንያ ዝሪ፣ ፖርቱላካ ትከይ፤ ፖርቱላካ ቅጠሏ ወፍራም ስለሆነ ውሃ ትይዛለች፣ ፀሐይ ሲበረታ ነው የምትፈካው። ኦሊያንደርም ሙቀት ይችላል፣ ግን ቅጠሉም እንጨቱም መርዝ ስለሆነ ልጅ ወይም ፍየል ባለበት ግቢ ባይገባ እመርጣለሁ።

ጥያቄ፦ ከአዳማ ነው። ቡጋንቪሊያዬ አጥሩን ሸፈነው፣ አበባ ግን የለውም። ፍግም ውሃም አላጓደልኩበትም።

መልስ፦ ወንድሜ፣ ስላላጓደልክበት ነው! ቡጋንቪሊያ ሲጠግብ ቅጠል ብቻ ያወጣል። ፍጉን አቁም፣ ሥር የሰደደ ከሆነ ውሃውንም አፈሩ በደንብ እስኪደርቅ ከልክለው። በቀን ቢያንስ ለ6 ሰዓት ያህል ፀሐይ ማግኘቱንም አረጋግጥ። የሚያብበው አዲስ ቅርንጫፍ ላይ ስለሆነ አንድ ዙር አብቦ ሲረግፍ ጫፍ ጫፉን ከርክመው። እሾሁ ክፉ ነው፣ ወፍራም ጓንት አድርግ።