ቻይንኛ ሳይለወጥ የኖረ ቋንቋ ነው?

ጥያቄ፦ በንግድ ምክንያት በደቡብ ቻይና ወዳለችው ጓንዡ እመላለሳለሁ። ከመጀመሪያው ጉዞዬ በፊት አዲስ አበባ ውስጥ ስድስት ወር ቻይንኛ ተምሬ ስለነበር ቢያንስ ዋጋ ለመከራከር አያንሰኝም ብዬ ነበር። ይሁን እንጂ ባለሱቆቹ እርስ በርስ ሲነጋገሩ አንዲት ቃል እንኳ መያዝ አቃተኝ፤ እኔ አሥርን «ሽ»፣ ስድስትን «ሊዮ» ብዬ የተማርኩትን እነርሱ «ሳፕ» እና «ሉክ» ይሉታል። መምህራችን ደግሞ ቻይንኛ ሦስት ሺህ ዓመት ሳይለወጥ የኖረ ቋንቋ መሆኑን ደጋግመው ይነግሩን ነበር። እንግዲያው የጓንዡ ሰዎች የሚናገሩት የተበላሸ ቻይንኛ ነው ማለት ነው? (አንባቢ፣ ከመርካቶ)

መልስ፦ መምህርዎ የተናገሩት ስለ ጽሕፈቱ ቢሆን ኖሮ በከፊል በተቀበልናቸው ነበር፤ ስለ ንግግሩ ከሆነ ግን ተሳስተዋል። ቻይንኛ እንደማንኛውም ሕያው ቋንቋ ተለውጧል፤ ለውጡን ከዓይን የሚሰውረው ምልክቱ ነው። የእኛ ፊደል የሚወክለው ድምፅን ሲሆን፣ የቻይናው ምልክት ግን በአብዛኛው የሚቆመው ለአንድ ቃል ወይም ትርጉም ላለው የቃል ክፍል ነው። «10» የሚለውን ቁጥር እኛ «አሥር»፣ ዐረቡ «ዐሸራ» ብለን ስናነበው ቁጥሩ እንደማይለወጥ ሁሉ፣ መስቀል የምትመስለው የቻይናዎቹ አሥርም በቤጂንግ «ሽ»፣ በጓንዡ «ሳፕ» ተብላ ስትነበብ መልኳ ያው ነው።

ከሁሉ የሚቀድመው የቻይንኛ ጽሑፍ ከክርስቶስ ልደት በፊት 1200 ዓመት ገደማ፣ ሻንግ የተባለው ጥንታዊ የቻይና ሥርወ መንግሥት ነገሥታት ጠንቋዮች የኤሊ ቅርፊትና የከብት ትከሻ አጥንት በእሳት እያጋሉ፣ ስንጥቁን እያዩ ሲተነብዩ የቀረጹት ነው። በአንያንግ አካባቢ ከማሳ የሚወጣው ይህ አጥንት «የዘንዶ አጥንት» እየተባለ ለመድኃኒት ሲወቀጥ ኖሮ፣ ጥንታዊ ጽሑፍ መሆኑ የታወቀው እ.ኤ.አ. በ1899 ነው (ከዚህ በታች ያሉት ዓመታትም በዚሁ አቆጣጠር ናቸው)። በዚያ ዘመንም ቢሆን ጽሕፈቱ ሥዕል ብቻ አልነበረም፤ «መምጣት» በሥዕል ለመግለጥ የሚያስቸግር ቃል በመሆኑ፣ ድምፁ የሚቀራረበውን የስንዴ ሥዕል ተውሰውለታል። ዛሬም ያ ግሥ የሚጻፈው በዚሁ ከስንዴ በመጣ ምልክት ነው።

የድምፁ ለውጥ እጅ ከፍንጅ የተያዘው በግጥም ቤት መምቻ ላይ ነው። ከኮንፊሽየስ ዘመን አስቀድሞ የተገጠሙ 305 ግጥሞች የተሰበሰቡበት ጥንታዊ መድበል አለ፤ ኋላ የመጡ አንባብያን ሲያነቡት ግን ብዙው ስንኝ ቤት አልመታ አላቸው። አንዳንድ ሊቃውንትም ቤቱን ለማስመታት ሲሉ፣ በዚያች ቦታ ብቻ ቃሉ ተጣሞ እንዲነበብ ያዙ ነበር። ከ1541 እስከ 1617 የኖረው ቻይናዊ ሊቅ ቼን ዲ ይህን አሠራር ነቀፈ፤ ዘመን ጥንትና ዛሬ እንዳለው፣ ምድርም ሰሜንና ደቡብ እንዳላት፣ እንደዚሁ ፊደል እንደሚታደስና ድምፅ እንደሚዛወር ጽፎ፣ የጥንቶቹ ግጥሞች በገጣሚዎቻቸው አፍ በትክክል ቤት ይመቱ እንደነበር አስረዳ። ለእኔ በዚህ ሁሉ ታሪክ ውስጥ ከዚህ የሚበልጥ እርምጃ የለም።

ሌላው ዋና ምስክር «ቺየዩን» የተባለው፣ ቃላትን በቤት መምቻቸው የሚመድብ መዝገበ ቃላት ነው። አዘጋጁ ሉ ፋያን በመቅድሙ እንደሚተርከው፣ ስምንት እንግዶች ቤቱ አድረው ሌሊቱ ሲገፋና መጠጡ ሲያልቅ ስለ ሰሜንና ስለ ደቡብ አነባበብ ተከራከሩ፤ እርሱም በሻማ ብርሃን ነጥብ ነጥቡን ጻፈ፤ ከሃያ ዓመት ገደማ በኋላ፣ በ601፣ መጽሐፉን አወጣው። በዚህ መጽሐፍ የአንድ ቃል ድምፅ የሚነገረው በሁለት ሌሎች ቃላት ነው፤ ለምሳሌ «ዶንግ» (ምሥራቅ) እንዴት እንደሚነበብ ለማሳየት «ደ» እና «ሆንግ» የሚባሉ ሁለት ምልክቶች ይቀመጣሉ፤ አንባቢው ከፊተኛው መነሻውን፣ ከኋለኛው ቀሪውን ወስዶ ይገጥማል። ስዊድናዊው በርንሃርድ ካርልግሬን በሃያኛው መቶ ዓመት መጀመሪያ ላይ ይህን የአነባበብ ሥርዓት ከየክፍለ አገሩ አነጋገርና ቻይንኛ ቃላትን ከተዋሱት ከጃፓንኛ፣ ከኮሪያኛና ከቬትናምኛ ጋር አስተያይቶ የጥንቱን ድምፅ መልሶ ለማቋቋም ሞከረ።

እርስዎን ግራ ያጋቡት «ሳፕ» እና «ሉክ» እዚህ ላይ ይፈታሉ። በ601 በነበረው አነባበብ ብዙ ቃላት በ«ፕ»፣ በ«ት»፣ በ«ክ» ወይም በ«ም» ይዘጉ ነበር። ሰሜኑ እነዚህን መዝጊያዎች ጣላቸው ወይም ለወጣቸው፤ በ1324 የተዘጋጀው የዦው ደቺንግ የሰሜን ግጥም መመሪያ በ«ፕ»፣ በ«ት» እና በ«ክ» ያበቁ የነበሩትን ቃላት በሌሎቹ የዜማ (ቃልን ከቃል የሚለየው የድምፅ ከፍታና ዝቅታ) መደቦች ሥር በታትኗቸዋል። ጓንዡ ግን ጠብቃቸዋለች። «አገር» የሚለው ቃል በቤጂንግ «ጉዎ»፣ በጓንዡ «ጉዎክ» ነው፤ ኮሪያዎች «ጉክ»፣ ጃፓኖች «ኮኩ» የሚሉት «ክ» ሳይጠፋ ስለተዋሱት ነው። ገጣሚው ዱ ፉ በ757 በጻፈው ግጥም «ጥልቅ»፣ «ልብ» እና «ወርቅ» የሚሉት ቃላት ቤት ይመታሉ፤ በጓንዡ አነባበብ «ሳም»፣ «ሳም»፣ «ጋም» ሲሆኑ፣ በቤጂንግ «ሼን»፣ «ሺን»፣ «ጂን» ተብለው ይላላሉ።

ስለዚህ የጓንዡው አነጋገር የተበላሸ አይደለም፤ ራሱን የቻለ ቅርንጫፍ ነው። ሆኖም ወደ ሌላኛው ጽንፍ ሄደን ጥንታዊው ቻይንኛ እርሱ ነው ማለትም አይገባም። «መክፈት» በጓንዡ «ሆይ»፣ በቤጂንግ «ካይ» ነው፤ በዚህ ቃል የቀድሞውን «ክ» የጠበቀችው ቤጂንግ ናት። ሰሜኑም መዝጊያዎቹን በነጻ አልጣለም፤ ድምፃቸው አንድ የሆነ ቃላት ስለበዙበት ሁለት ሁለቱን ማጣመር ግድ ሆነበት። በጥንቱ ጽሑፍ ጆሮ በአንድ ክፍለ ቃል የሚጠራ ሲሆን፣ ዛሬ የቤጂንግ ሰው «ኧርዱዎ» ይላል።

እርስዎ የተማሩት «ፑቶንኋ»፣ ማለትም መደበኛው የቻይና ቋንቋ፣ በዚህ መልኩ የተደነገገው በቅርቡ ነው። እስከ ሃያኛው መቶ ዓመት መባቻ ድረስ የተማረ ሰው በአብዛኛው የሚጽፈው ማንም በማይናገረው ጥንታዊ የጽሑፍ ቋንቋ ነበር፤ በ1920 የአንደኛ ደረጃ ጀማሪ ክፍሎች መማሪያ መጻሕፍት በሚነገረው ቋንቋ እንዲዘጋጁ ታዘዘ። በ1950ዎቹ አጋማሽ የቤጂንግ አነባበብ መለኪያ ሆነ፤ በ1956 ምልክቶቹ ቀለል ተደረጉ፤ በ1958 በላቲን ፊደል የሚጻፈው «ፒንዪን» ጸደቀ።

በሚቀጥለው ጉዞዎ ባለሱቆቹ «ቻ» ቢጋብዙዎት ቤጂንግም ጓንዡም የሚስማሙበትን ቃል ያገኛሉ። እኛ «ሻይ» የምንለው ይኸው «ቻ» በፋርስና በዐረብኛ በኩል ዞሮ ደርሶን ነው። በደቡብ ምሥራቅ ቻይና ያለው የፉጂያን ጠረፍ ሰዎች ግን «ቴ» ይላሉ፤ ቅርንጫፋቸው ቀደም ብሎ ስለተለየ፣ ሌሎቹ ወደ «ች» የለወጡት የጥንቱ «ት» በእነርሱ ዘንድ ቀርቷል፤ የሆላንድ መርከበኞችም ቃሉን ከዚያ ወስደው ለምዕራብ አውሮፓ አዳረሱት።