ኢሙሌተር መጫን ያስጠይቃል?

ጥያቄ፦ «የምኖረው ደብረ ብርሃን፣ ጠባሴ ነው። ቤት ባለው ኮምፒውተር ላይ ማሜ የሚባለውን ኢሙሌተር ጭኜ ከሁለት ልጆቼ ጋር ናይትስ ኦፍ ዘ ራውንድ እና ዘ ኪንግ ኦፍ ድራጎንስ እንጫወታለን። ሦስት ሰው አብሮ ስለሚጫወት ልጆቹ ወደውታል። ጨዋታዎቹን ያወረድኩት ከቴሌግራም ነው። አንድ ወዳጄ በሕግ ያስጠይቅሃል አለኝ። እውነት ነው? ክረምት ላይ የሰፈሩን ልጆች በሰዓት እያስከፈልኩ ባጫውትስ?»

መልስ፦ ኢሙሌተሩና ጨዋታው ለየብቻ ይታያሉ። ማሜ የድሮ መጫወቻ ማሽን ውስጥ ያለው ሰሌዳ የሚሠራውን ሥራ በኮምፒውተር ላይ የሚሠራ ፕሮግራም ነው። እ.ኤ.አ. በ1997 ወጣ። እ.ኤ.አ. ከ2016 ጀምሮ ኮዱ ክፍት ነው፤ ማንም በነፃ ያወርደዋል። እሱን በመጫንዎ የሚጠይቅዎ የለም። አሜሪካ ውስጥ ሶኒ ኩባንያ፣ ኮኔክቲክስ የተባለውን ኢሙሌተር ሠሪ ከሶ ነበር። እ.ኤ.አ. በ2000 ይግባኝ ሰሚው ፍርድ ቤት ለኮኔክቲክስ ፈረደ። ውሳኔው የእኛን ዳኞች ባያስገድድም ነገሩን በደንብ ያሳያል።

ወዳጅዎ የሰጉት ስለ ጨዋታው ከሆነ ስጋታቸው ልክ ነው። ከማሽኑ ቺፕ ተገልብጦ የወጣው ፋይል፣ ሮም የሚሉት፣ ካፕኮም የተባለው የጃፓን ጨዋታ ሠሪ ኩባንያ ሥራ ነው። ሁለቱም ጨዋታዎች እ.ኤ.አ. በ1991 የወጡ ናቸው። አርጅተዋል ማለት ግን ባለቤት የላቸውም ማለት አይደለም። «በ24 ሰዓት ውስጥ ካጠፋኸው ችግር የለውም» የሚባለውም ወሬ ነው፤ በሕጋችን ውስጥ እንዲህ የሚል አንቀጽ የለም።

የእኛ ሕግ የቅጂና ተዛማጅ መብቶች ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 410/1996 ነው፤ በ2007 በአዋጅ ቁጥር 872 ተሻሽሏል። አንቀጽ 9 አንድ ሰው የታተመን ሥራ ለግሉ አንድ ቅጂ እንዲያባዛ ይፈቅዳል። ብዙ ሰው እዚህ ላይ ያቆምና «ለራሴ ነው» ብሎ ይረጋጋል። አንቀጹ ግን የኮምፒውተር ፕሮግራምን ከፈቃዱ ያወጣል። ፕሮግራምን የሚመለከተው አንቀጽ 14 ነው። እሱም መጠባበቂያ ቅጂ የሚፈቅደው ፕሮግራሙን በሕጋዊ መንገድ ለያዘ ሰው ነው። ከቴሌግራም ያወረደ ሰው እዚህ ውስጥ አይገባም።

አንድ ነገር ግን ልደብቅዎ አልፈልግም። አዋጁ በዋናነት የሚጠብቀው የኢትዮጵያውያንንና እዚህ የሚኖሩ ሰዎችን ሥራ፣ መጀመሪያ እዚህ የታተመውን፣ እንዲሁም አገራችን በገባችበት ስምምነት የሚጠበቀውን ነው። አዋጁ ሲወጣ ኢትዮጵያ የበርን ስምምነት (አገሮች አንዱ የሌላውን የቅጂ መብት እንዲጠብቁ የሚያደርግ ዓለም አቀፍ ስምምነት) አባል አልነበረችም። ስለዚህ የጃፓን ኩባንያ እዚህ ቢከስ፣ የተከሳሽ ጠበቃ መጀመሪያ የሚያነሳው ይህንን ነው። ጥሩ መከራከሪያ ነው፤ ሆኖም ኑሮ አይመሠረትበትም። ኢትዮጵያ እ.ኤ.አ. በ2003 የዓለም ንግድ ድርጅት አባል ለመሆን አመልክታ ስትደራደር ቆይታለች። አባል ስትሆን የበርንን ዋና ዋና ድንጋጌዎች ማክበር ግዴታ ይሆንባታል። ያኔ ይህ መከራከሪያ ይዘጋል።

በሰዓት ማስከፈሉን እንዲተዉት አጥብቄ እመክራለሁ። ቤት ውስጥ ከልጆችዎ ጋር የሚጫወቱትን ፈልጎ የሚከስ ኩባንያ ይኖራል ብዬ አላስብም። ገንዘብ ሲገባበት ግን ነገሩ ንግድ ነው። ከንግድ ፈቃድ ጥያቄ በተጨማሪ፣ በሌላ ሰው ሥራ ያለፈቃዱ ገቢ ማግኘት ይሆናል። አዋጁ በ1996 ሲወጣ ሆን ብሎ መብት ለጣሰ ሰው ያስቀመጠው ቅጣት ከ5 እስከ 10 ዓመት ጽኑ እስራት ነበር። ሕጉ ጉዳዩን በምን ያህል ክብደት እንዳየው ከዚህ ይረዱታል። ፋይሉን በፍላሽ እየገለበጡ ለጎረቤት መስጠትም ይቅርብዎ።

ደግነቱ፣ ካፕኮም ሁለቱንም ጨዋታዎች እ.ኤ.አ. በ2018 ባወጣው የሰባት ጨዋታዎች ጥቅል ውስጥ አካቷቸዋል። ለኮምፒውተርም ስቲም በተባለው የኢንተርኔት የጨዋታ መደብር ላይ ወጥቷል። ከዚህ አገር መክፈል አስቸጋሪ መሆኑን አውቃለሁ፤ ውጭ ያለ ዘመድ ካለዎት ያማክሩት። ጥቅሉን ከገዙ ኢሙሌተሩም አያስፈልግዎትም። ፈቃዱ ግን ለቤት ጨዋታ ብቻ ነው። የሰፈሩን ልጆች በክፍያ ለማጫወት ጥቅሉን መግዛት አይበቃም፤ ከባለመብቱ የተለየ የጽሑፍ ፈቃድ ያስፈልጋል።