መልስ፦ ጉልበት ከመቀየሩ በፊት ምን ይሞከር?

ሰላም እህቴ። የእናትሽ ጉልበት በአርትራይተስ (በመገጣጠሚያ በሽታ) ስለተጎዳ ሐኪሙ «በሰው ሠራሽ ይቀየር» እንዳላቸው ጽፈሽ፣ ሌላ አማራጭ አለ ወይ ብለሻል። አዎ፣ አለ።

ዋናው እንቅስቃሴ ነው። ብዙ ሰው ጉልበት ሲያም መፍትሔው ማረፍ ብቻ ይመስለዋል። ግን የጭን ጡንቻ ሲደክም ጫናው መገጣጠሚያው ላይ ይወድቃል። ወንበር ላይ ተቀምጠው እግራቸውን ቀጥ አድርገው ያንሱ፣ ጥቂት ሰከንድ ይያዙት፣ ቀስ ብለው ያውርዱት። በየቀኑ። መጀመሪያ ፊዚዮቴራፒስት (በአካል እንቅስቃሴ የሚያክም ባለሙያ) ቢያሳያቸው ይሻላል። ለውጡ የሚመጣው ከሳምንታት በኋላ ነውና አይዞሽ፣ እንዳያቋርጡ አበረታቻቸው።

ውፍረት ካላቸው መቀነሱ በጣም ይረዳል። 1 ኪሎ ሲቀንሱ በእያንዳንዱ እርምጃ ጉልበት ላይ የሚያርፈው ጫና በ4 ኪሎ ገደማ ይቀንሳል። ከዘራ ከያዙ ከሚያመው እግር በተቃራኒው እጅ ይሁን። ቡና ሲያፈሉም ዝቅ ያለውን በርጩማ ትተው ከፍ ያለ ወንበር ላይ ይቀመጡ።

ለሕመሙ መጀመሪያ የሚቀባ ዲክሎፌናክ ይሞክሩ። የሚዋጠው ጨጓራና ኩላሊት ሊጎዳ ይችላል፤ በተለይ ደም ግፊት ካለባቸው ሐኪም ሳያማክሩ አይውሰዱ። ጉልበት ላይ የሚወጋ የስቴሮይድ (ብግነት የሚቀንስ መድኃኒት) መርፌ ለሳምንታት ያስታግሳል፣ ግን አይደጋገምም።

ይህ ሁሉ ተሞክሮ ሕመሙ እንቅልፍ ከነሳቸው ግን ቀዶ ሕክምናውን አትፍሩት።